ለሐርቡ መንገድ የተመረጠው መጽሐፍ

ቅዳሜ ጠዋት፣ የደሴው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጉም ከጣሪያው ሳይነሳ፣ እማማ አስናቀች የሻይ ብርጭቆ ይዘው የልጅ ልጃቸው በር ላይ ይቆማሉ። ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ማቲዎስ ግን ከመጽሐፍ መደርደሪያው ፊት አይነቃነቅም። ሌላ ሰው ለመንገድ ውሃ ያስባል፣ ቆሎ ያስባል፣ ብርድ ቢመጣ ብሎ ጃኬት ያስባል። የማቲዎስ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ መኪና ላይ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያነብ።

መደርደሪያው በመሪነትና ራስን በመለወጥ መጻሕፍት ተጨናንቋል። ጊዜው የዚህ ዓይነት መጽሐፍ የተወደደበት ነበር። ከሚሌኒየሙ በዓል ወዲህ ቀበሌውም ሥልጠና፣ መሥሪያ ቤቱም ሥልጠና፣ ጸሎት ቤቱም ሥልጠና ሆኖ፣ "ራዕይ" የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ሳይሰማ የሚውል የደሴ ሰው አልነበረም። ማቲዎስ ደግሞ በአንድ የግል ኮሌጅ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላው፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ ወዲያ ባለችው በሐርቡ ከተማ ያለችውን ትንሽ የአማኞች ኅብረት እንዲመራ የሾሙት ወጣት ነው። መሪ ሆኛለሁና መሪ ልሁን ብሎ ተነሣ። ክፉ አሳብ አልነበረም።

"ማቲ፣ ሻይህ ውሃ ሆነ።"

"መጣሁ እማማ፣ አንድ ደቂቃ።"

"መኪናውም እንዳንተ አንድ ደቂቃ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው።"

"አስቢው እስቲ፤ ከዚህ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ሐርቡ፣ ስንመለስ ደግሞ ያው። ይሄ ሁሉ ሰዓት ሜዳ ላይ ይፈስሳል። መንገድ ላይ የማያነብ መሪ ዕድሜውን ነው የሚደፋው።"

እማማ አስናቀች ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማሩ፣ እናቱ ከሞተች ወዲህ ይህን ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። መጽሐፍ የያዘ ልጅ ቁማር ቤት አይገኝም፣ ጫት ቤት አይገኝም ብለው ሲጸልዩለት ኖረዋል። ስለዚህ መጽሐፉን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ደስታቸው ግን እንደ ልማዳቸው ጭንቀት የተቀላቀለበት ነው። መኪና ውስጥ ሲያነብ ዓይኑ ይታመም ይሆን? አቀርቅሮ ሲሄድ ኪሱን ይበረብሩት ይሆን?

የዚያን ቀን በእጁ ሁለት መጽሐፍ ይዞ ነበር። አንደኛው ወፍራምና አዲስ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ባሕር የሚያቋርጥ ጀልባ አለበት። ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። ከማቲዎስ በፊት የሐርቡን ኅብረት ለብዙ ዓመት ያገለገሉት ወንጌላዊ ደምለው፣ ጉልበታቸው አልሄድ ብሏቸው ቤት ሲውሉ የሰጡት ነው፤ የታመመን፣ ያዘነንና የተጨነቀን ሰው እንዴት እንደሚጠይቁ ይናገራል።

"ይሄንን ያዝ" አሉ እማማ አስናቀች ቀጭኑን እያሳዩ። "ለመሸከምም አይከብድ።"

"ይሄ ለጡረተኛ ነው" አለና ሳቀ። ወፍራሙን ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

እማማ አስናቀችም የዚያን ቀን አብረውት ሊሄዱ ተነሥተዋል። የሐርቡ ሙቀት ለቁርጥማታቸው ይስማማል ይላሉ። ቁርጥማቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱን ልባቸው ያልወደደው ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ቢጠየቁ አያውቁትም።

ሹፌሩ እንድሪስ ከደሴ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻ አራግፎና ጭኖ፣ ሐርቡ የሚዘልቅ ባለ ሚኒባስ ነው። እማማ አስናቀችን እንደ ሁልጊዜው ከጎኑ አስቀመጣቸው፤ ኋላ ከተቀመጡ ያጥወለውላቸዋል። ማቲዎስ መሀል ወንበር፣ መስኮት ጥግ ያዘ። የሐረጎ ቁልቁለት ሲጀምር እማማ አስናቀች የፊቱን መያዣ በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

"አብሽሩ እማማ" አለ እንድሪስ። "ሐረጎን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማወርዳት።"

"ግዴለም ልጄ፣ ዛሬን ገልጠህ አውርደኝ።"

ተሳፋሪው ሳቀ። ማቲዎስ አልሳቀም፤ አልሰማም። እንድሪስ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሽ ደምለው በነበሩ ጊዜ ይች መኪና ሬዲዮ አያሻትም ነበር። የእስላሙም የክርስቲያኑም ጉዳይ እዚችው ነበር የሚያልቅ። ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ፣ የማን ልጅ ከቤት ጠፋች፤ ሰው ቤቱ የማይናገረውን እዚህ ይነግራቸው ነበር። ይሄ ልጅዎ ግን ወላሂ ሁልጊዜ ነገ ፈተና ያለበት ነው የሚመስል።"

"ለሥራው ነው የሚያነበው" አሉ እማማ አስናቀች። ልጃቸውን ሰው ሲነካባቸው አይወዱም።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ከማቲዎስ አጠገብ የነበረው ሰው ወረደ። በሩ ሳይዘጋ አንዲት ሴት ባዶ የሽንኩርት ጆንያዋን አጣጥፋ ገባችና፣ ሌላ ክፍት ወንበር እያለ፣ እዚያው ማቲዎስ አጠገብ ተቀመጠች። ሸዋረጋ ነበረች። የሐርቡ ኅብረት የሚሰበሰበው በእሷና በባሏ በአናጢው በወንድምአገኘሁ ቤት ነው።

"ጌታ ይመስገን ወንድም ማቲ" አለች። "ሽንኩርቱን ከሸጥኩ ቆየሁ። አንተን ነው የጠበቅኩ።"

"ተባረኪ እኅት ሸዋረጋ። ይችን ምዕራፍ ልጨርስና እሰማሻለሁ።"

እማማ አስናቀች ይህን ያህል ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው፤ በመስተዋቱ ግን ሁለቱንም ያዩአቸው ነበር። ሸዋረጋ እጇን ጆንያው ላይ አጣምራ ጠበቀች። ማቲዎስ ገጽ ገለበጠ። ዓይኗ ከገጹ ጋር ሄደ፤ ማንበብ ስለማትችል ምዕራፉ የት ላይ እንደሚያልቅ አታውቅም። ደግሞ ገለበጠ። መኪናው ከከተማው ወጥቶ የማሽላው እርሻ ከታየ በኋላ መንገዱ እያለቀባት መሆኑን አየች መሰል፣ ፊቷን ወደ ፊተኛው ወንበር ጀርባ አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር ጀመረች። ረጅም ተናገረች። አንድ ጊዜ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ቀጠለች። ማቲዎስ በእስክሪብቶ እያሰመረ አንገቱን ነቀነቀ። "እም" አለ። እንደገና ነቀነቀ።

ሐርቡ ሲደርሱ መጽሐፉን ዘጋና "እንጸልይበታለን እኅቴ፤ መልስ ይመጣል" አላት። እሷም ከባድ ሸክም ያወረደች ያህል ተነፈሰች።

እነሸዋረጋ ቤት ሰዉ በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ወንድምአገኘሁ ከአጎቱ ልጅ ከሞላ ጋር ከፊት ተቀምጧል። ሞላ የኅብረቱ ሰው አይደለም። "ጉዳይ አስፈጻሚ" ይሉታል ሲያከብሩት፤ ሳያከብሩት ደላላ ነው። የቤቱ ልጅ ጽናት ስምንተኛ ክፍል ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ። በሩ አጠገብ ቆማ መዝሙር አስጀመረች።

ማቲዎስ ሊያስተምር ተነሣ። ወንጌሉን ገለጠ፤ ቀጥሎ ግን መኪና ላይ ያሰመረበትን ነበር የተናገረው። "ወደብ ላይ የታሰረች ጀልባ ደኅና ትመስላለች" አለ። "ነገር ግን እዚያው ትበሰብሳለች። ጀልባ የተሠራችው ባሕር ለመሻገር ነው። ፈሪ ሰው እናቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ምን ይላል እያለ ይቀራል። ባለ ራዕይ ሰው ግን ይሻገራል።"

ያ መጽሐፍ የተጻፈበት አገር ባሕር ማለት ምን እንደሆነ እንጃ። ሐርቡ ውስጥ ግን ባሕር ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ዓረብ አገር መውጣት። ከየቤቱ አንድ ሰው ተሻግሮታል፤ ተሻግሮም የላከ አለ፣ ተሻግሮም የጠፋ አለ። ማቲዎስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በዚያች ሰዓት የመጽሐፉ አገር ሰው ሆኖ ነበር።

"ከመካከላችሁ ለመሻገር የተዘጋጀ ማነው? ጌታ ያዘጋጀላትን፣ ያዘጋጀለትን ለመያዝ የወሰነ ይምጣና ልጸልይለት።"

ወንድምአገኘሁ ወደ ልጁ ዞሮ በአገጩ ጠቆማት። ጽናት እየፈራች ወጣች። ማቲዎስ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ጸለየ። "ጌታ ሆይ፣ በፊቷ ያለውን በር ክፈት። መንገዷን ጥረግ። ወደ ኋላ የሚጎትታትን ሁሉ አስወግድላት።" አባቷ "አሜን" አለ፣ ሞላ ሳይቀር "አሜን" አለ። እማማ አስናቀችም አሜን ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ ሸዋረጋን አዩአት። አሜን አላለችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሰው ከኋላ እንደመታት ቆማለች።

ጸሎቱ ሲያልቅ ጽናት መጽሐፉን አየችና "ወንድም ማቲ፣ ስትጨርሰው ታውሰኛለህ?" አለችው።

"ለቅዳሜ አመጣልሻለሁ" አላት።

ልጅቷ አባቷን አየች፣ ከዚያ እግሯን አየች።

እማማ አስናቀች ጓዳ ገብተው ሸዋረጋን "ሸዋዬ፣ ምን ሆነሻል?" አሏት። የባሏ እናት ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበርና ሸዋረጋ ወደዚያ ዓይኗን ጣል አድርጋ መለሰች። "ምንም እትዬ። የሚባለው ተባለ እኮ።"

ይህች መልስ እማማ አስናቀችን እንደ እሾህ ወጋቻቸው። በመልስ ጉዞ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ዞር ብለው ማቲዎስን ጠየቁት።

"ማቲ፣ ያች ሴትዮ ስንመጣ ምን ነገረችህ?"

ማቲዎስ ትንሽ አሰበ። "ስለ ጽናት መሰለኝ። የትምህርቷ ነገር… ወይ ስለ አባቷ። ቅዳሜ እጠይቃታለሁ።"

"አሁን ውረድና ጠይቃት። ፊቷ ደስ አላለኝም።"

"እማማ፣ አንቺ ፊቱ ደስ የሚልሽ ሰው አለ እንዴ? እኔ ሳስነጥስም ቲቢ ነው ትያለሽ። ሞልቷል፣ ሊነሣ ነው። ቅዳሜ።" መጽሐፉን ገለጠ።

እውነቱን ነው፤ እማማ አስናቀች ስለ ሁሉም ነገር ይጨነቃሉ። ሁልጊዜ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ የእውነቱ ቀን ሲመጣ የሚያምነው አያገኝም። ሐረጎን ሲወጡ ጉሙ መኪናውን ሸፈነው፣ የፊቱን መያዣ ጨበጡት፤ የጨነቃቸው ግን ገደሉ አልነበረም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማንም ሳይጠራቸው ለብሰው ቁጭ ብለው ጠበቁት። ማቲዎስ ለጽናት የሚያውሳትን ያንኑ መጽሐፍ ያዘ፤ ጥቂት ገጽ ቀርቶታልና በመንገድ ሊጨርሰው ነው። እንድሪስ ሞተር እያስነሣ "እንግዲህ የናንተም ቤት ሰው አወጣ" አለ።

"የትኛው ሰው?" አሉ እማማ አስናቀች።

"የአናጢው ልጅ ናታ። ሰኞ ከሞላ ጋር አዲስ አበባ ገብታ፣ ሳውዲ ሄደች አሉ። አባቷ ተመርቃ ነው የሄደችው እያለ ነው። እኔማ ሕፃን አይደለች እንዴ ብዬ ነበር።" በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። "አንተው አይደለህ እንዴ የጸለይክላት?"

ማቲዎስ ከምዕራፍ መሀል መጽሐፉን ሲዘጋ እማማ አስናቀች ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ጣቱን ገጹ መሀል ረስቶት ነበር።

ሐርቡ ሲደርሱ ወንድምአገኘሁ ደጅ ወጥቶ ማቲዎስን በሁለት እጁ ጨበጠው። "ወንድም ማቲዎስ፣ ልንገርህ፤ እኔም በልቤ እፈራ ነበር። ሸዋረጋ ልጄ አትሄድም ብላ ስታስቸግረኝ ማልኩላት። 'ወንድም ማቲዎስ አይሆንም ካለ እተዋለሁ፣ ሞላንም ከቤቴ አስወጣለሁ' አልኳት። እሷም 'እነግረዋለሁ' ብላ ኮምቦልቻ ጠበቀችህ። አብራችሁ መጣችሁ። ሰምተሃት ገብተህ ስለ መሻገር ስታስተምር፣ ጌታ በአንተ አፍ መለሰልኝ አልኩ።"

ማቲዎስ "አልሰማኋትም" አለ።

"እንዴት አልሰማህም? አጠገብህ ተቀምጣ?"

ሸዋረጋ ከጓዳ ወጣች። አልጮኸችም፤ ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

"አሥራ አምስት ዓመቷ ነው አልኩህ። ፓስፖርቷ ላይ ግን ሃያ አምስት ብለዋታል አልኩህ። ስሟንም ከይሪያ ብለውታል፣ ብትጠፋ በማን ስም ብዬ እፈልጋታለሁ አልኩህ። ሰኞ ነው አልኩህ። ቤት ውስጥ እንዳልነግርህ ሞላ አለ፣ አማቴ አለች፤ ያለችኝ መንገዷ ብቻ ናት አልኩህ። አንገትህን ነቀነቅክልኝ።"

"ለመጽሐፉ ነበር" አለ ማቲዎስ። "እኅቴ፣ ለመጽሐፉ ነበር የነቀነቅኩት።"

ወንድምአገኘሁ ያኔ ገባው። ደጁ ላይ ወዳለው የአናጢ ጠረጴዛው ሄዶ ተቀመጠና ከዚያ በኋላ ማንንም አላየም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያልተጮኸበት በር የለም። የዚያኑ ዕለት ሞላን ፈለጉት። "በሰላም በርራለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም" አለ። ማቲዎስ ሸዋረጋን ይዞ ደሴ ያሉትን ቢሮዎች ዞረ፣ አዲስ አበባም ወሰዳት። የሚጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ "ስሟ ማነው?" ጽናት ወንድምአገኘሁ የምትባል ልጅ ከአገር አልወጣችም። ከይሪያ የምትባለዋ ደግሞ አባቷ ሌላ ነው፣ ዕድሜዋ ሌላ ነው፣ ሸዋረጋ እናቷ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃም የላትም። ጸሐፊዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የሚያዩት ወረቀት ላይ ግን የሸዋረጋ ልጅ የለችም።

ጽናት አንድ ጊዜ ለእናቷ ስልክ ደወለች፤ መስከረም ላይ። ከተማውን አታውቀውም። ቤቱ ትልቅ እንደሆነ፣ ከውስጥ የሚከፈት በር ግን እንደሌለው ተናገረች። "እማ፣ ወንድም ማቲ ይጸልይልኝ በይው" አለችና ተቋረጠ። የደወለችበት ቁጥር ሲደወልለት አይነሣም፤ በኋላም ከነጭራሹ ዝም አለ። ሌላ ስልክ አልመጣም። ሁለት ዓመት አለፈ፣ ሦስተኛውም ገባ።

የሐርቡ ኅብረት ተበተነ። ወንድምአገኘሁ ቤቱን ለስብሰባ መክፈት ተወ። ከአግዳሚዎቹም አንዱን የሠርግ ቤት ተውሶት አልመለሰውም፤ የጠየቀውም የለም።

ኅብረቱ ከመበተኑ በፊት፣ ማቲዎስ እህል አልቀምስ ሲል እማማ አስናቀች ወደ ወንጌላዊ ደምለው ይዘውት ሄደው ነበር። ሽማግሌው እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተቀምጠው ነበር።

"መሪነቱን አስረክባለሁ" አለ ማቲዎስ። "መጽሐፎቹንም አቃጥላለሁ።"

"መጽሐፉ ምን አጠፋ?" አሉ ወንጌላዊ ደምለው። "የጻፈው ሰው ሐርቡን አያውቃትም፣ ሸዋረጋን አያውቃትም። የሚያውቀውን ጻፈ። የምታውቃቸው አንተ ነህ። የምታውቃትን ሴት አጠገብህ አስቀምጠህ የማያውቃትን ሰው ሰማህ።"

"ተዉ እንግዲህ፣ ልጁ የቆሰለ ነው" አሉ እማማ አስናቀች።

"አውቃለሁ እትዬ አስናቀች። የቆሰለውን ነው የማክመው።" ወደ ማቲዎስ ዞሩ። "እኔ በዚያ መንገድ ስሄድ መጽሐፍ ሳልይዝ ቀርቼ አይደለም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የማወጣው ግን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዝም ሲል ነው። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ይጠብቅሃል ልጄ፤ ነገም ብትመጣ እዚያው ገጽ ላይ ታገኘዋለህ። የተሳፈረ ሰው ግን ይወርዳል።"

"አሁን ምን ላድርግ?" አለ ማቲዎስ።

እማማ አስናቀች መልሱን በጉጉት ጠበቁ፤ ለልጃቸው አንድ የሚይዘው ነገር ይሰጡት ብለው። ወንጌላዊ ደምለው ግን "አላውቅም" አሉ። "አንዳንዱን ነገር መማር ይቻላል እንጂ መመለስ አይቻልም።"

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ የሰማ ሰው መጽሐፍ አታንብቡ ተባልን ብሎ እንዳይሄድ። መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ያለው ቤት ይባረክ። ነገር ግን ልጆቻችን ለመንገድ መጽሐፍ ሲመርጡ ሽፋኑን አይተው፣ ራዕይ የሚለውን ቃል ቆጥረው ብቻ አይምረጡ። ወዴት እንደሚሄዱ፣ እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው ምን እንዳስጨነቀው አስበው ይምረጡ። ለወደብ አገር የተጻፈውንም እንዳለ አንሥተው ለሐርቡ አይስበኩት። ከሁሉ በፊት ግን ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ሲናገር መጽሐፉን ይዝጉት። መሪነት እዚያ ላይ ካልጀመረ የትም አይጀምርም። ሰውን መምራት የሚፈልግ ሁሉ ይህን ነገር ጽናት ከመሄዷ በፊት ቢያውቀው ኖሮ፣ ሸዋረጋ ዛሬም የሁለት ስም ልጅ እናት አትሆንም ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ማቲዎስና እማማ አስናቀች ሐርቡ ለቅሶ ሊደርሱ ተሳፈሩ። ማቲዎስ አሁን መኪና ላይ አያነብም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚያናግረው ሰው ይጠብቃል። ሰው ግን ለምዶታል፤ "የሚያነበው ልጅ ነው፣ አታስቸግሩት" ብለው አጠገቡ ሲቀመጡ ዝም ይላሉ። ወይ የየራሳቸውን ሞባይል ያወጣሉ።

ኮምቦልቻ ላይ ሸዋረጋ ገባች። የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነበርና አጠገቡ ተቀመጠች። ሽንኩርት መሸጧን አልተወችም፤ ጆንያው እንደ ድሮው ጉልበቷ ላይ ነው። እማማ አስናቀች ከፊት ወንበር በመስተዋቱ አዩአቸው። እንድሪስም አየ፤ ሬዲዮውን ዘጋው።

"እኅት ሸዋረጋ" አለ ማቲዎስ። "የምትነግሪኝ ነገር ካለ፣ ሐርቡ እስክንደርስ እሰማሻለሁ። ከዚያም በኋላ እሰማሻለሁ።"

ሸዋረጋ በመስኮቱ ወደ ቦርከና ወንዝ አየች። ቆይታ እጇን ከጆንያው ስር ሰደደችና በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ላስቲኩን ፈታችው። ያ ባለ ጀልባው መጽሐፍ ነው። ያን ቅዳሜ ማቲዎስ ለጽናት ይዞት ሲመጣ፣ ሸዋረጋ "ለሷ ያመጣኸው ነው፣ ተወው" ብላ ያስቀረችው ነው። ምናልባት ለለቅሶው ይመጣል ብላ ይዛው ነበር።

ማቲዎስ ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

"እኔ አላነበው፤ እሷም አልመጣችም" አለች። "መንገዱ ረጅም ነው። አንብብ።"

ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ማቲዎስ መጽሐፉን አልገለጠም፤ ከጭኑም አላነሣውም። እማማ አስናቀች ሐርቡ እስኪደርሱ በመስተዋቱ አዩአቸው፤ የአንዳቸውም ከንፈር አልተንቀሳቀሰም።